ትውፊቱ ሲጠበቅ ባለትውፊቶቹ የት ደረሱ? የታንጃቩር ታላቅ መቅደስና የአራት መቶ ሴቶች ጽሕፈት

በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ ግዛት፣ የካቬሪ ወንዝ ተከፋፍሎ የሩዝ ማሳ በሚያጠጣበት ሜዳ ላይ፣ በታንጃቩር ከተማ የሚገኘው ጥንታዊ የሺቫ መቅደስ ዘወትር የሚወሳው በግዝፈቱ ነው። ከስድሳ ሜትር በላይ የሚረዝመው ማማው፣ በቅርብ የማይገኘው የግራናይት ድንጋይ ከሩቅ መጓጓዙ፣ በማማው አናት ላይ ያለውን ድንጋይ ለማውጣት ተሠራ ስለሚባለው ረጅም የአፈር ድልድል የሚነገረው ትረካ፣ ሁሉም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር ኖሯል። ግዝፈቱ ሊደነቅ ይገባዋል። ለተመራማሪ ግን የመቅደሱ ዋና ሀብት ቀና ተብሎ የሚታየው ማማ ሳይሆን ዝቅ ተብሎ የሚነበበው ጽሕፈት ነው፤ በመሠረቱ ዙሪያና በቅጥሩ ግድግዳ ላይ በታሚልኛ የተቀረጸው፣ ስጦታን፣ መሬትን፣ ድርጎንና የሰው ስምን በዝርዝር የያዘው መዝገብ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ መዝገብ አንዱን ክፍል፣ ማለትም በመቅደሱ እንዲያገለግሉ የተመደቡ የአራት መቶ ሴቶችን ዝርዝር፣ መነሻ አድርጎ አንድ ነገር ይሟገታል። በታንጃቩር ስም «ጥንታዊ ትውፊት» እየተባለ ዛሬ የሚጠበቀው፣ በመድረክ የሚታየውና በፍርድ ቤት ክርክር የሚነሣበት ነገር፣ ግድግዳው ራሱ ከመዘገበው ሥርዐት ውስጥ አንድ ዋና አካል ጎድሎታል፤ የጎደለውም ሰው ነው።

መቅደሱን ያሠራው ከ985 እስከ 1014 የነገሠው የቾላ ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጽሕፈቱ ውስጥ መቅደሱ የሚጠራው በንጉሡ ስም «ራጃራጄሽዋራም» ተብሎ ነው። ዛሬ የተለመደው «ብሪሃዲሽዋራ» የሚለው የሳንስክሪት ስም ኋላ የመጣ ሲሆን፣ የአገሬው ሰው ደግሞ በታሚልኛ በቀላሉ «ታላቁ መቅደስ» ይለዋል። ንጉሡ በነገሠ በ25ኛው ዓመት፣ በ275ኛው ቀን፣ በማማው ጫፍ ላይ የሚቆመውን በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ጉልላት ሰጠ፤ ይህም 1010 የሕንጻው መጠናቀቂያ ዓመት ተብሎ እንዲወሰድ ምክንያት ሆኗል። ዋናው ጽሕፈት የሚጀምረው ንጉሡ ራሱ የሰጠውን፣ ታላቅ እኅቱ የሰጠችውን፣ ሚስቶቹና ሌሎችም የሰጡትን ሁሉ በድንጋይ እንዲቀረጽ ማዘዙን በመግለጽ ነው።

የዚህ ትእዛዝ ጥቅም የታየው ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጀርመናዊው የድንጋይ ጽሕፈት ሊቅ ኦይገን ሁልትሽ ግድግዳውን አንብቦ ማሳተም እስኪጀምር ድረስ፣ በቃልና በገድል የሚተላለፈው ታሪክ መቅደሱን ያሠራው ሌላ፣ ከለምጽ የተፈወሰ የቾላ ንጉሥ ነው ይል ነበር። መቅደሱ በአገልግሎት ላይ ነበር፤ ካህናቱም ሕዝቡም አልተቋረጡም፤ የሠሪው ስም ግን ጠፍቶ ነበር። ትውፊት ያልተቋረጠ መሆኑ ብቻውን የማስታወስ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ የታሪክ ጥናት ውስጥ በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የሰፈሩ የጉልት ሰነዶችን ያነበበ ሰው የታንጃቩር ጽሕፈት እንግዳ አይሆንበትም። በሁለቱም ዘንድ ቅዱስ የሆነው ነገር፣ በአንዱ መጽሐፉ በሌላው ሕንጻው፣ የመሬትና የገቢ ማኅደር ሆኖ ያገለግላል። ልዩነቱ የታንጃቩሩ መጠነ ሰፊነት ነው። ለመቅደሱ ግብር እንዲያስገቡ የተመደቡት መንደሮች በካቬሪ ሜዳ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም፤ ቾላዎች በወረሩት በስሪ ላንካ የሚገኙ መንደሮችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የእያንዳንዱ መንደር መሬት ሲለካ ግብር የማይከፈልበት ክፍል፣ ማለትም የመኖሪያው፣ የኩሬው፣ የመቃብሩና የቦዩ ስፋት፣ ተቀንሶ ይመዘገባል። እህሉ የሚሰፈርበት ቁና እንኳ ስም አለው፤ «አዳቫላን» ይባላል። ትርጉሙ «በውዝዋዜ የተካነው» ሲሆን የወዝዋዡ ሺቫ ስም ነው።

የሴቶቹ ዝርዝር የሚገኘው በዚህ የሒሳብ መንፈስ ውስጥ ነው። ንጉሡ ከቾላ ምድር ልዩ ልዩ መቅደሶች አራት መቶ ሴቶች ወደ ታንጃቩር እንዲዛወሩ አድርጎ በመቅደሱ አካባቢ በተሠሩ መንገዶች አሰፈራቸው። ጽሕፈቱ እያንዳንዷን የሚያስቀምጠው በስሟ፣ ከመጣችበት መቅደስና ከተማ ጋር፣ የምትኖርበትን መንገድ፣ የመንገዱን ወገንና የቤቱን ተራ ቁጥር ጠቅሶ ነው። ለእያንዳንዷ አንድ ድርሻ ተመድቦላታል፤ አንዱ ድርሻ በአዳቫላን ቁና ተሰፍሮ በዓመት መቶ «ካላም» ያልተፈተገ ሩዝ የሚያስገኝ መሬት ገቢ ነው። ከሴቶቹ ቀጥሎ የውዝዋዜ መምህራን፣ ከበሮ መቺዎች፣ መለከት ነፊዎች፣ ዘማሪዎች፣ ሒሳብ ጸሐፊዎች፣ ጥላ ያዦች፣ መብራት አብሪዎች፣ ውኃ ረጪዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ፀጉር አስተካካዮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች እንደየማዕረጋቸው ድርሻቸው ተጽፎ ይገኛል። በሌላ ጽሕፈት ደግሞ የሺቫን የታሚልኛ መዝሙራት በየዕለቱ የሚያዜሙ አርባ ስምንት ሰዎችና ሁለት ከበሮ መቺዎች እያንዳንዳቸው በቀን ሦስት «ኩሩኒ» ሩዝ ድርጎ እንዲያገኙ ተወስኗል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የውርስ አንቀጹ ነው። ድርሻ ያለው ሰው ቢሞት ወይም አገር ለቅቆ ቢሄድ የቅርብ ዘመዱ ድርሻውን ተቀብሎ አገልግሎቱን ይፈጽማል። ዘመዱ ለሥራው ብቁ ካልሆነ ብቁ የሆነ ሌላ ሰው መርጦ ያሠራና ድርሻውን ይቀበላል። የቅርብ ዘመድ የሌለ እንደ ሆነ በዚያው አገልግሎት ያሉት ሌሎች ባለድርሻዎች ከሚበቁት መካከል አንዱን ይመርጣሉ፤ የተመረጠውም ድርሻውን ይወስዳል። ይህ አንቀጽ ከብዙ ዘመናዊ የቅጥር ውል ይልቅ ግልጽ ነው። ሥራው የዘር ብቻ አይደለም፤ ችሎታ ይጠየቃል። የችሎታ ብቻም አይደለም፤ የሟቹ ቤት መብት ይከበራል። ምርጫው ሲያስፈልግም የሚመርጡት ሥራውን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው እንጂ ሹም አይደለም። በአጭሩ ግድግዳው «ትውፊት» የሚለውን ቃል ሳይጠቀም ትውፊት በምን እንደሚቆም ይደነግጋል፤ በቤት፣ በመሬት ገቢ፣ በችሎታና በባለሙያዎች ውሳኔ።

ሆኖም ዝርዝሩን አንብቦ መቅደሱን የሴቶች ክብር ዘመን አድርጎ መሣል ስሕተት ይሆናል። ሴቶቹ የተዛወሩት በንጉሥ ትእዛዝ ነው፤ ፈቃዳቸው ተጠይቆ እንደ ሆነ ጽሕፈቱ አንዳች አይናገርም። በ2000 የቾላ ዘመን የመቅደስ ሴቶችን የሚመለከት ሰፊ ጥናት ያሳተመችው ሌዝሊ ኦርም ሁለት ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች። የመጀመሪያው፣ በዘመኑ በሌሎች መቅደሶች ጽሕፈት ውስጥ የሚታዩት ሴቶች ከውዝዋዜ ይልቅ በለጋሽነታቸው ጎልተው የሚወጡ መሆናቸውና የታንጃቩሩ ዝርዝር እንደ አጠቃላይ ናሙና ሊወሰድ አለመቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ «ዴቫዳሲ» የሚለው ኋላ የተስፋፋ ስያሜ ለዚያ ዘመን ሴቶች በጅምላ ሊሰጥ አለመገባቱ ነው፤ የታንጃቩር ጽሕፈት ራሱ የሚላቸው «የመቅደስ ሰፈር ሴቶች» ነው። ስለዚህ በ1010 በነበሩት ሴቶችና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዴቫዳሲ ተብለው በሚታወቁት መካከል የሥጋ ዝምድና መሥመር መሳብ አይቻልም። እዚህ የቀረበው ሙግት ግን በሥጋ ዝምድና ላይ አልቆመም፤ በሹመቱ፣ ማለትም ጥበብን ከመተዳደሪያ ጋር ባስተሳሰረው ሥርዐት ላይ ነው።

መቅደሱ ከቾላ ዘመን በኋላም ባለበት የቆመ አልነበረም። የሺቫ ባለቤት የሆነችው ሴት አምላክ ቤት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተጨመረ፤ ዛሬ ጎብኚውን በር ላይ የሚቀበለው ግዙፍ የድንጋይ በሬ ናንዲ በናያካ ገዥዎች ዘመን የመጣ ነው። ከ1676 እስከ 1855 ከተማዋን የገዙት ማራታዎች በበኩላቸው የቤተሰባቸውን ታሪክ በ1803 በማራቲ ቋንቋ በዚሁ መቅደስ ግድግዳ ላይ አስቀረጹ። በ1931 ኤስ. ኬ. ጎቪንዳስዋሚ የተባለው ምሁር በውስጠኛው የዙሪያ መተላለፊያ ውስጥ ከናያካ ዘመን ሥዕሎች ሥር የቾላ ዘመን ሥዕሎች ተሸፍነው መኖራቸውን አወቀ። የህንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችም ኋላ የላይኛውን ሥዕል ከልስኑ ጋር አላቅቀው በሌላ ሰሌዳ ላይ በመለጠፍ ሁለቱንም ማዳን ችለዋል። ለቀለም የተደረገው ይህ ጥንቃቄ፣ ማለትም አዲሱን ለማሳየት አሮጌውን፣ አሮጌውን ለመግለጥ አዲሱን አለማጥፋት፣ ለሰዎች አለመደረጉ ነው የዚህ ጽሑፍ ቅሬታ።

በማራታ ቤተ መንግሥት ዘመን ታንጃቩር የደቡብ ህንድ ሙዚቃና ውዝዋዜ ዋና ከተማ ነበረች። ከ1798 እስከ 1832 በገዛው በዳግማዊ ሰርፎጂ ዘመን ቺናያ፣ ፖናያ፣ ሲቫናንዳምና ቫዲቬሉ የተባሉ አራት ወንድማማቾች የዛሬው የባራታናትያም ትርዒት ቅደም ተከተል የሚከተለውን ሥርዐት አበጁ። ወንድማማቾቹ የውዝዋዜ መምህራን ቤተሰብ ነበሩ፤ ድርሰታቸውን በመድረክ የሚያሳዩት ደግሞ የመቅደስና የቤተ መንግሥት ሴቶች ነበሩ። ለሰርፎጂ ክብር የተደረሰ አንድ የታሚልኛ የውዝዋዜ ድራማም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ድረስ በየዓመቱ በታላቁ መቅደስ ግቢ በእነዚሁ ሴቶች ይታይ ነበር። እንግዲህ «ጥንታዊው የመቅደስ ውዝዋዜ» ተብሎ ዓለምን የዞረው ጥበብ በቅርጹ የሁለት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው፣ በታወቁ ሰዎች የተሠራ፣ በታወቁ ቤቶች የተያዘ ሙያ ነበር።

ከ1890ዎቹ ጀምሮ ይህ ሙያ የክርክር ርእስ ሆነ። በክርክሩ ውስጥ የተሐድሶ ወገኖችን እንደ ባህል አጥፊ መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። ልጃገረዶች በሕፃንነታቸው ለአምላክ ተድረው ዕድሜ ልካቸውን ለባለሀብት ደጋፊ የሚተውበት ሁኔታ ነበር፤ ይህንም አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ ሴቶች ይገኛሉ። በ1927 የማድራስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል የሆነችው ሐኪሟ ሙቱላክሽሚ ሬዲ እናቷ ከዴቫዳሲ ቤት ነበረች። ሞቫሉር ራማሚርታም የተባለችውም ከዚያው ወገን የወጣች ስትሆን በ1936 ሥርዐቱን የሚያጋልጥ የታሚልኛ ልብ ወለድ አሳትማለች። በሌላ በኩል ሌሎች የማኅበረሰቡ ሴቶች የሙያቸው ክብርና የንብረት መብታቸው እንዳይነካ ለመንግሥት አቤቱታ አቅርበዋል። በሁለቱም ወገን የቆሙት ሴቶች የሚያውቁትን ይናገሩ ነበር።

ሕጉ በሁለት ደረጃ መጣ፤ ሁለቱ ደረጃዎች ተለይተው ሊመዘኑ ይገባል። በ1929 የወጣው ማሻሻያ ሴቶቹ በመቅደስ አገልግሎት ምክንያት የያዙትን መሬት ከአገልግሎቱ ግዴታ ነጻ አድርጎ በእጃቸው እንዲቀር ፈቀደ። ይህ የተሐድሶው የተሻለ ገጽ ነው፤ ከራጃራጃ የውርስ አንቀጽ ጋር የሚያስተሳስረው ቀጭን ክርም አለው፤ የአገልግሎት ማብቃት የመተዳደሪያ ማብቃት እንዳይሆን ታስቦበታልና። ነገር ግን መሬት ለነበራቸው ብቻ ነው የጠቀመው። በ1947 የወጣው የማድራስ ሕግ ሴትን ለመቅደስ መዳርን ከለከለ፤ በመቅደስ ቅጥርና በሃይማኖታዊ ሰልፍ ላይ የሚደረገውን የሴቶቹን ውዝዋዜም አብሮ አገደ። መዳሩ መከልከሉ ተገቢ ነበር። ውዝዋዜው ለምን አብሮ እንደ ወንጀል ተቈጠረ የሚለው ጥያቄ ግን በቂ መልስ አላገኘም፤ በተለይም ያው ውዝዋዜ በዚያው ዘመን በከተማ አዳራሽ ሲጨበጨብለት።

በ1930ዎቹ የማድራስ የሙዚቃ አካዳሚ ውዝዋዜውን በመድረኩ ላይ አቀረበ፤ የመጀመሪያዎቹ አቅራቢዎች ከታንጃቩር አካባቢ የመጡ የማኅበረሰቡ ሴት ልጆች ነበሩ። «ባራታናትያም» የሚለው ስምም በዚያው አስርት ዓመት ጸና። ሩክሚኒ ዴቪ የተባለችው የብራህሚን ቤተሰብ ልጅ በ1935 መድረክ ላይ ወጣች፤ በ1936 ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረተች። ያስተማሯት የፓንዳናሉሩ ሚናክሺሱንዳራም ፒላይ የአራቱ ወንድማማቾች ዘር ነበሩ። የሩክሚኒ ዴቪ አስተዋጽኦ ሊካድ አይችልም፤ ብዙ ድርሰቶች ከመረሳት የዳኑት በእርሷና በመሰሎቿ ጥረት ነው። ነገር ግን ጥበቡ የዳነበት መንገድ ዋጋ ነበረው። የማኅበረሰቡ ወንዶች በአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆነው ቀጠሉ። ሴቶቹ ግን፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ስማቸውን እየሸሸጉ ከሙያው ወጡ፤ በሙያው መታወቅ ራሱ ነውር ሆኖ ነበርና። የፍቅር ድርሰቶችም «ለማጽዳት» ተብለው ተከረከሙ።

ከቀሩት ጥቂቶች ዋናዋ ባላሳራስዋቲ ናት። ከ1918 እስከ 1984 የኖረችው ይህች ሴት የዘር ሐረጓ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በታንጃቩር ቤተ መንግሥት ወደ ነበረች የሙዚቃና የውዝዋዜ ባለሙያ ይደርሳል፤ አያቷም ዝነኛዋ የቪና ተጫዋች ዳናማል ናቸው። ባላሳራስዋቲ የፍቅር ስሜት ከውዝዋዜው ይውጣ የሚለውን ሐሳብ አጥብቃ ተቃውማለች፤ ለእርሷ የሰው ፍቅርና የአምላክ ፍቅር በአንድ ምልክት የሚገለጹ ናቸው። በ1975 በታሚል የሙዚቃ ጉባኤ ላይ ባደረገችው ንግግር የአንድ ምሽት ትርዒትን ቅደም ተከተል ከመቅደስ አሠራር ጋር አነጻጽራለች፤ ተመልካቹ ከውጭው በር ገብቶ አዳራሾቹን አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል እንደሚደርስ ሁሉ ትርዒቱም ደረጃ በደረጃ ወደ ጥልቁ ይወስዳል። ይህን የተናገረችው ሴት በቤተሰቧ ሙያ በመቅደስ ቅጥር ውስጥ ማገልገል በሕግ ከተከለከለ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። መቅደሱን በሰውነቷ ይዛው ወጥታለች ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ እኅቶቿ ግን ይህን ዕድል አላገኙም።

በታላቁ መቅደስ ማማ ውስጥ፣ በላይኛው ደርብ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ፣ ሺቫ ራሱ የሚወዛወዝባቸው የድንጋይ ቅርጾች በተርታ ይገኛሉ። ጥንታዊው የሳንስክሪት የተውኔት ጥበብ መጽሐፍ ከሚዘረዝራቸው 108 የውዝዋዜ አኳኋኖች ውስጥ 81ዱ ተቀርጸዋል፤ ለቀሩት 27 የተዘጋጁት ድንጋዮች ባዶ ናቸው። ስለነዚህ ቅርጾች የተጻፈው ጥናት በጣም ብዙ ነው፤ በሥራቸው ብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ በቅጥሩ ግድግዳ ላይ ስለ ተጻፉት አራት መቶ ስሞች የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የአምላክ ውዝዋዜ ከሰው ውዝዋዜ ይልቅ የምሁራንን ቀልብ መሳቡ አያስደንቅም፤ ቢሆንም ሚዛኑ ተዛብቷል። በመስከረም 2010 የመቅደሱ አንድ ሺህኛ ዓመት ሲከበር፣ በእነዚሁ ቅርጾች ላይ ለረጅም ዘመን ባጠናችው በፓድማ ሱብራማንያም መሪነት አንድ ሺህ የባራታናትያም ባለሙያዎች በግቢው ውስጥ በአንድነት ተወዛወዙ። ትዕይንቱ ለዓይን ግሩም ነበር። አንድ ሺህ የሚለው ቁጥር የተመረጠው ለዓመታቱ ብዛት ነው። ራጃራጃ ግን ቁጥር ብቻ አልጻፈም፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ስም፣ ቤትና መቶ ካላም ሩዝ ጽፏል።

ግድግዳውን በከፊል የመጥቀስ ልማድ በውዝዋዜ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በየካቲት 2020 የመቅደሱ የመታደስ ሥርዐት፣ በማማው ጫፍ ላይ ቅዱስ ውኃ የሚፈስስበት በዓል፣ ሊከበር ሲል ሥርዐቱ በታሚልኛ ይሁን ወይስ በሳንስክሪት የሚል ክርክር ተነሥቶ እስከ ማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲፈጸም ወሰነ። ሁለቱም ተከራካሪዎች ትውፊትን ጠቅሰዋል። የሚገርመው፣ ከአራት መቶዎቹ ሴቶች ስም ቀጥሎ በሚገኘው የአገልጋዮች ዝርዝር ውስጥ ድርሻ የተመደበላቸው የ«አሪያም» ዘማሪዎችም የታሚልኛ ዘማሪዎችም ጎን ለጎን ተጽፈው መገኘታቸው ነው። (ተመራማሪዎች «አሪያም» የሚለውን ሳንስክሪት ብለው ይተረጉሙታል፤ ከግእዙ «አርያም» ጋር ያለው ዝምድና የድምፅ ብቻ ነው።) ለመቅደሱ መሥራች ቋንቋዎቹ የሚፎካከሩ ወገኖች ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ባለሙያና ደመወዝ የሚያስፈልጋቸው ሁለት የሥራ መደቦች ነበሩ። በዛሬው ክርክር ውስጥ የቋንቋው ክብር ብዙ ሲነገርለት፣ የታሚልኛ መዝሙር አዚያሚዎቹ በምን ይተዳደራሉ የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም።

ጥያቄው ለቅርስ ጥናት ዘርፍ የቃላት ጉዳይ አይደለም። መቅደሱ በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ በ2004 ሁለት ሌሎች የቾላ መቅደሶች ሲጨመሩ መዝገቡ «ታላላቆቹ ሕያው የቾላ መቅደሶች» ተባለ። «ሕያው» የሚለው ቃል የገባው መቅደሶቹ ዛሬም አምልኮ የሚካሄድባቸው በመሆናቸው ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን በ1010 ድርሻ ከተመደበላቸው የሥራ ዓይነቶች የትኞቹ እንደ ቀሩ፣ የትኞቹ በሌላ እንደ ተተኩ፣ የትኞቹ በሕግ እንደ ተዘጉ ሳይዘረዘር «ሕያው» ማለት ሕንጻው ባዶ አይደለም ከማለት አያልፍም። ኢትዮጵያና ህንድ ሁለቱም ያጸደቁት የ2003ቱ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት ቅርስን የሚተረጉመው ማኅበረሰቦች፣ ቡድኖችና ግለሰቦች የእኛ ነው ብለው በሚያውቁት መሠረት ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ የእኔ ነው ማለትን ነውር እንዲሆንባቸው የተደረጉ ባለሙያዎች ያሉበት ጥበብ በቅርስ መዝገብ ላይ እንዴት ይሰፍራል የሚለው ጥያቄ መልስ ያሻዋል።

ይህ ሙግት መዳሩ ይመለስ ማለት አይደለም፤ ማንም ጤነኛ ሰው ሕፃናትን ለመቅደስ መዳር ይመለስ አይልም። በመቅደስ ትውፊት ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሥርዐቱን ከመዘገበ በኋላ የሥርዐቱን መተዳደሪያም ይመዝግብ ማለት ነው። ማን ያገለግላል፣ ከማን ተማረ፣ ምን ይከፈለዋል፣ ሲሞት ማን ይተካዋል፣ ተተኪውን የሚመርጠው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በታንጃቩር ተመልሰዋል፤ በዛሬዎቹ የቅርስ መግለጫዎች ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የላቸውም። በታንጃቩር ጉዳይ ደግሞ ሥራው የሚጀመርባቸው ሁለት ስፍራዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የአራት መቶውን ስሞች የመጡባቸው መቅደሶች ካሏቸው ጽሕፈቶች ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ነው። ሁለተኛው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ሴቶቹ ራሳቸው ለማድራስ መንግሥት የጻፏቸውን አቤቱታዎች፣ እንደ ሕጉ ታሪክ ተቀጽላ ሳይሆን የባለሙያዎች የራሳቸው ምስክርነት አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ፊርማ ማንበብ ነው።